ልጁ ተጫወተ፤ መምህሯስ ምን አወቀች? (ግልጽ ደብዳቤ ለአንባቢ)

ውድ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጨዋታ ለትምህርት ይበጃል ወይስ አይበጅም ብዬ ልሟገትዎ አይደለም። ገበጣ እየተጫወተ ያደገ ሰው ልጅ በጨዋታ ቁጥር እንደሚገባው ማስረጃ አያሻውም። የእኔ ነገር የሚጀምረው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ተጫውቶ ሲነሣ ያደረገው ሁሉ ወዴት ይሄዳል? መምህሩ ጋ ይደርሳል ወይስ እዚያው ይቀራል? ከደረሰስ በምን መልክ ነው የሚደርሰው? ይህን የሚወስነው ጨዋታውና የመማሪያ መድረኩ የሚግባቡበት ቴክኒካዊ ስታንዳርድ ነው። ስሙ ደረቅ ስለሆነ ግዢ ሲፈጸም ማንም አያነሣውም፤ ጣጣው የሚመጣው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ስታንዳርድ በሌለበት ነገሩ ምን እንደሚመስል መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ ሙድልን ወይም ሌላ መድረክ ይጠቀማል፤ ጨዋታው ደግሞ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ነው። ተማሪው ለመድረኩ አንድ፣ ለጨዋታው ሌላ የይለፍ ቃል ይይዛል፤ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ «ጎበዝ! 85» የሚል ይወጣል። መምህሯ «ስክሪንሾት አንሡና በቴሌግራም ላኩልኝ» ትላለች። ስድሳ ስክሪንሾት ይጎርፋል፤ ከመካከሉ አንዱን ፎቶ ሦስት ልጆች ልከውታል። መምህሯ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ ከስልኳ ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ መድረኩ ትገለብጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታውን ትተወዋለች፤ አይፈረድባትም።

ነገሩን በደፈናው እንዳላወራ አንድ ምሳሌ ልያዝ። ለሦስተኛ ክፍል ሒሳብ የሚሆን የስክሪን ገበጣ ተሠራ እንበል። 2 ረድፍ፣ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። (የገበጣ አጨዋወት ከአገር አገር ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ጥናት የመዘገቡት የአጨዋወት ዓይነት ብዛቱ ራሱ ያስገርማል። ባለ ሦስት ረድፉን የሚመርጥ ሰው ቅር እንዳይለው።) ልጁ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አንሥቶ ከመዝራቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ማወቅ አለበት። ሒሳቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መምህሯ ማወቅ የምትፈልገው ምንድን ነው? ማን አሸነፈ የሚለውን ብቻ ነው? ወይስ አንዱ ልጅ ጠጠሩ ከስድስት ሲበልጥና ወደ ሌላው ረድፍ ሲሻገር ቆጠራው እየጠፋበት መሸነፉን? ይህን ጥያቄ ይያዙልኝ።

በዚህ መስክ አንጋፋው ስታንዳርድ ስኮርም ይባላል። ሥረ መሠረቱ ከአውሮፕላን ሥልጠና ነው። አውሮፕላን አምራቾችና አየር መንገዶች በኮምፒውተር የሚሰጡት ሥልጠና በየኩባንያው የተለያየ መሣሪያ እየጠየቀ ሲያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ኮሚቴ አቋቋሙ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1997 ኤዲኤል የሚባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ከዚያ ኮሚቴ ሥራ ብዙ ወሰደ፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የተሠራ ትምህርት በየትኛውም መድረክ ላይ እንዲሠራ ፈልጎ ነበር። ስኮርም 1.2 በ2001 ወጣ። ያኔ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር በተማሪ እጅ አልነበረም። ቢሆንም ዛሬም አብዛኛው የመማሪያ መድረክ ይቀበለዋል፤ ሙድል ራሱ በደንብ የሚደግፈው ይህንኑ እትም እንጂ በ2004 የወጣውን ተከታዩን አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ከነምስሉ፣ ከነድምፁ፣ ከነኮዱ በአንድ ዚፕ ፋይል ይታሸጋል። በዚፑ ውስጥ በኤክስኤምኤል የተጻፈ ማውጫ አለ፤ መጀመሪያ የሚከፈተው ገጽ የትኛው እንደሆነ ለመድረኩ የሚነግረው እሱ ነው። መምህሯ ዚፑን መድረኩ ላይ ትጭናለች፤ በእሷ በኩል ሥራው አለቀ። ተማሪው ሲከፍተው ጨዋታው በብራውዘሩ ውስጥ ከራሱ በላይ ያሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ እየፈተሸ መድረኩ ያስቀመጠለትን የጃቫስክሪፕት መገናኛ ይፈልጋል። ሲያገኘው የሚነጋገሩት ጥቂት ነው፤ ጀምሬያለሁ፣ ይህ ተማሪ ባለፈው የት ላይ አቁሞ ነበር፣ ውጤቱ ከመቶ 85 ነው፣ ሁኔታው «አልፏል» ነው፣ መዝግብልኝ፣ ጨርሻለሁ። ጥያቄና መልስ በዝርዝር የሚመዘገብበት ክፍልም አለው፤ ግን የተቀረጸው ለምርጫ፣ ለእውነት ወይም ሐሰትና ለማዛመድ ጥያቄ እንጂ ለገበጣ አይደለም።

እዚህ ላይ ጨዋታችን ይጨናነቃል። አንዲት ልጅ በአንድ ቁጭታ አምስት ጊዜ ተሸንፋ በስድስተኛው መንገዱን አገኘችውና አሸነፈች። ጎረቤቷ በመጀመሪያው ዙር ዕድል ቀንቶት አሸንፎ ተነሣ። አዲስ የተጻፈው ውጤት የቀድሞውን ስለሚሽረው በመምህሯ መዝገብ ላይ ሁለቱም «አልፏል» ናቸው። ከሁለቱ የበለጠ የተማረችው ልጅቷ ናት፤ ይህን የሚመሰክረው ግን ተሽሯል። ስኮርም የሚጠይቀው «ጨረሰ ወይ? ስንት አመጣ?» ብሎ ነው፤ ለአብራሪ ሥልጠና ማረጋገጫ ይህ ይበቃ ይሆናል። የጨዋታ ትምህርት ያለው ግን በሽንፈቱ መካከል ነው።

ሆኖም ስኮርምን አሮጌ ነው ብለው ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። ለእኛ አገር ሁኔታ ትልቅ ነገር አለው። የሙድል የስልክ መተግበሪያ የስኮርም 1.2 ጥቅልን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያጫውታል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ውጤቱን ወደ መድረኩ ይልካል። ልጁ ትምህርት ቤት ዋይፋይ ባለበት ጨዋታውን ያወርዳል፣ ቤቱ ዳታ ሳይገዛ ይጫወታል፣ በማግሥቱ ውጤቱ መምህሯ ጋ ይደርሳል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አዲስና ውድ የሆኑት ብዙ ጨዋታዎች ይህን አያደርጉም።

ጨዋታ ሠሪ ለሆኑ አንባቢዎች ግን ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛው መብራት ነው። ጨዋታው ውጤቱን ሲያቀብል መጀመሪያ ብራውዘሩ ዘንድ ይቆያል፤ «መዝግብ» የሚለው ትእዛዝ ካልተላከ ሰርቨር ላይ መድረሱ እርግጠኛ አይደለም። ብዙ ሠሪዎች ይህን ትእዛዝ የሚልኩት ልጁ «ውጣ» የሚለውን ሲጫን ብቻ ነው። መብራት ከጠፋ ወይም ልጁ ስልኩን ከዘጋው የግማሽ ሰዓት ድካም ይጠፋል። በየዙሩ መጨረሻ መመዝገብ ነው መድኃኒቱ፤ የአንድ መስመር ኮድ ነው።

ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። በስኮርም 1.2 ጨዋታው ያቆመበትን ቦታ የሚያስቀምጥበት ኪስ 4096 ቁምፊ ብቻ ይይዛል። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷልና በራሱ ችግር የለበትም። ነገር ግን በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ጽሑፉን ወደ ላቲን ኮድ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ አንዱ ፊደል 6 ቁምፊ ይሆናል። ያን ጊዜ 4096 ያልነው ኪስ 682 ፊደል ብቻ ይይዛል። በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ያለ እንከን ያለፈ ጨዋታ አማርኛ ሲገባበት መሀል ላይ የሚቆረጠው በዚህ ነው፤ ስሕተቱም በግልጽ አይነገርም፤ ልጁ ሲመለስ እንደ አዲስ ይጀምራል እንጂ። ስለዚህ እዚያ ኪስ ውስጥ አማርኛ ዓረፍተ ነገር አይቀመጥም። ለገበጣ የ12ቱ ጉድጓድ ቁጥርና ተራው የማን እንደሆነ ይበቃል፤ 40 ቁምፊ አይሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በስኮርም ውጤቱን የሚናገረው በተማሪው ብራውዘር ውስጥ ያለው ኮድ ነው። ትንሽ ጃቫስክሪፕት የሚያውቅ ጎረምሳ የብራውዘሩን የሠሪዎች መስኮት ከፍቶ ሳይጫወት 100 መላክ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጨዋታ ላይ የፈተና ማርክ አይንጠልጠል። ለልምምድ ይሁን፤ በእኔ አስተያየት ጨዋታ ድሮውንም ለልምምድ ነው።

አሁን ገበጣው ሁለት ልጆች ከሁለት ቤት ሆነው የሚጋጠሙበት ነው እንበል። ይህ በዚፕ ፋይል አይሆንም፤ የራሱ ሰርቨር ያሻዋል። ሰርቨሩ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ መድረክ ውጭ ነው። ታዲያ የይለፍ ቃሉና የስክሪንሾቱ ጣጣ ተመልሶ መጣ ማለት ነው? ለዚህ የተሠራው ስታንዳርድ ኤልቲአይ ነው። የመጀመሪያው እትም በ2010 ወጣ፤ ዛሬ ሊጠይቁ የሚገባዎት በ2019 የወጣውን 1.3ን ነው። ባለቤቱ ያኔ አይኤምኤስ ግሎባል ይባል የነበረው፣ ከ2022 ጀምሮ ዋን ኤድቴክ የተባለው ማኅበር ነው።

ኤልቲአይን ለማስረዳት ከቀበሌ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ይበቃኛል። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ይዞ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ኃላፊ ሰውየውን አያውቀውም፤ ማኅተሙን ግን ያውቀዋል። ልጁ ሙድል ውስጥ ገብቶ «ገበጣ» የሚለውን ሲጫን ሙድል የይለፍ ቃሉን ለማንም አይሰጥም። ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ አዘጋጅቶ ያሲዘዋል፤ ይህ ተማሪ ነው (ወይም መምህር ነው)፣ መለያ ቁጥሩ ይህ ነው፣ የመጣው ከዚህ ኮርስ፣ ከዚህ መልመጃ ነው፣ ውጤቱን በዚህ አድራሻ መልሱ ይላል። የጨዋታው ሰርቨር ማኅተሙን ያጣራና ልጁን ያስገባዋል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል የለም። ዙሩ ሲያልቅ ሰርቨሩ ራሱ፣ የልጁን ብራውዘር ሳያማክር፣ ውጤቱን ወደ መምህሯ መዝገብ ይጽፋል። የቅድሙ ጎረምሳ ዘዴ እዚህ አይሠራም።

በአሮጌው 1.1 ማኅተሙ ሁለቱ ወገኖች የሚጋሩት ምስጢር ነበር፤ ምስጢሩ ካመለጠ ማንም ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ውጤቱም ከ0 እስከ 1 ባለው ክፍልፋይ ብቻ ነበር የሚመለሰው። በ1.3 መድረኩ በግል ቁልፉ ይፈርማል፣ ጨዋታው በይፋ በወጣው ቁልፍ ያረጋግጣል፤ ውጤቱ ከስንት ስንት እንደሆነ፣ ልጁ ገና እየተጫወተ ይሁን ወይም ጨርሶ፣ አጭር አስተያየትም ጭምር ይላካል። ሻጩ «ኤልቲአይ አለን» ካለዎት የትኛው እትም እንደሆነ የመጠየቅዎ ምክንያት ይህ ነው።

ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ሌላ ጥቅምም አለው። ሙድል ላይ ጨዋታው ሲገናኝ የልጁ ስምና ኢሜይል ይላክ ወይስ አይላክ ብሎ መወሰን ይቻላል። እንዳይላክ ከተደረገ ለጨዋታው ባለቤት የሚደርሰው ትርጉም የሌለው መለያ ቁጥር ነው፤ ልጁ ማን እንደሆነ የምታውቀው መምህሯ ብቻ ናት። ለገበጣ የልጅ ኢሜይል ምን ያደርጋል?

የሚያበሳጨውንም ልንገርዎ። ጨዋታው በመድረኩ ገጽ ውስጥ በተቆረጠ ክፈፍ እንዲከፈት ከተደረገ አንዳንድ ብራውዘሮች የጨዋታውን ኩኪ (የገባውን ልጅ የሚያስታውስበትን ትንሽ ማስታወሻ) እንደ ባዕድ ቆጥረው ይከለክሉታል። የአፕል ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ ይህን ጨርሶ ዘግቶታል። በመምህሯ ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሠራው ጨዋታ የአባቷን አይፎን ተውሳ የምትማር ልጅ ጋ ነጭ ገጽ ይሆናል። ቀላሉ መፍትሔ መልመጃውን በአዲስ መስኮት እንዲከፈት ማድረግ ነው፤ መድረኩ ላይ አንድ ምርጫ መቀየር ብቻ ነው፤ ይህን የሚነግራቸው ጠፍቶ ስንቱ ጨዋታ «አይሠራም» ተብሎ ተጥሏል።

ኤልቲአይ በሩን ከፈተ፣ ውጤቱንም መለሰ። የያዙልኝ ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ ልጁ የት ላይ ነው ቆጠራው የሚጠፋበት? ይህን የሚናገረው ሦስተኛው ነው፣ ኤክስ-ኤፒአይ። ኤዲኤል ስኮርም እንደማይበቃ ስላየ ረስቲሲ ሶፍትዌር የተባለውን ኩባንያ መፍትሔ እንዲፈልግ አደረገ፤ የጥናቱ ስም «ቲን ካን» ነበር፣ 1.0 በ2013 ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሆነው ሁሉ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይመዝገብ፤ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምን ላይ። «ተማሪ 31 መረጠ፣ ጉድጓድ 4ን፤ በውስጡ 7 ጠጠር ነበር፤ የመጨረሻዋ ታርፋለች ብሎ የገመተው 10ኛው ላይ፣ ያረፈችው 11ኛው ላይ።» እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ለዚሁ ወደ ተሠራ መዝገብ ቤት ይላካሉ፤ መዝገቡ ከመድረኩ ጋር አንድ ላይ ሊሆንም፣ ለብቻው ሊቆምም ይችላል። ኔትወርክ ከሌለ ጨዋታው ይዟቸው ቆይቶ በኋላ ይልካል። ከሃያ ዙር በኋላ መምህሯ የምታየው «አልፏል» የሚል ቃል ብቻ አይሆንም፤ ይህ ልጅ ከስድስት በላይ ሲሆን ሁልጊዜ በአንድ እንደሚሳሳት ትረዳለች። ምናልባት የተነሣበትን ጉድጓድ አብሮ እየቆጠረው ይሆናል። ይህን ያወቀች መምህር በአምስት ደቂቃ ታቃናዋለች።

እዚህ ላይ የማድሪዱን ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ማንሣት ይገባል። መምህራን ያለ ፕሮግራመር የጀብዱ ጨዋታ የሚሠሩበት ኢ-አድቬንቸር የተባለ መሣሪያ አዘጋጁ፤ የተሠራው ጨዋታ በስኮርም ጥቅል ተደርጎ መድረክ ላይ ይጫናል። ኋላም ከኤዲኤል ጋር ሆነው ለትምህርታዊ ጨዋታ የሚሆን የኤክስ-ኤፒአይ የጋራ የግሥ ስብስብ አወጡ፤ ጀመረ፣ ወደፊት ገፋ፣ ጨረሰ፣ መረጠ፣ ዘለለ፣ ከፈተ የመሳሰሉ። የጋራ ስብስብ ለምን አስፈለገ? አንዱ ሠሪ «ዙር ፈጸመ»፣ ሌላው «ደረጃ አለፈ»፣ ሦስተኛው «ተሳካለት» ብሎ ከመዘገበ የሦስቱን ጨዋታ መረጃ አንድ ላይ ማየት አይቻልም። ኤክስ-ኤፒአይ ሁሉንም እንድንል ፈቀደልን፤ መግባባቱን ግን ለእኛው ተወው። በ2016 የወጣው ሲኤምአይ-5 ይህን ልቅነት ለመግታት የተሠራ ነው፤ ጨዋታው ከመድረኩ እንዴት እንደሚከፈትና የግድ መናገር ያለበት ምን እንደሆነ ይደነግጋል። የሚደግፉት መድረኮች ግን ገና እንደ ስኮርም አልበዙም።

የጊዜ አመዘጋገብም አለ። ጨዋታ ሠሪዎቻችን አንዳንዴ ለተጠቃሚው ሲያስቡ ጊዜውን በእኛ አቆጣጠር ይመዘግቡታል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ቦታው ግን እዚያ አይደለም። ልጁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከተጫወተ መዝገቡ ውስጥ የሚገባው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 05:00 ነው፤ ቀኑም እንደዚያው። ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ፣ ጥቅምት ብሎ ማሳየት ለመምህሯ በሚቀርበው ገጽ ላይ ነው። ካልሆነ ሪፖርቱ ልጆች ሌሊት ሲጫወቱ ያደሩ አስመስሎ ያቀርባል።

ኤክስ-ኤፒአይ የሚያስፈራኝም በዚሁ ዝርዝርነቱ ነው። የልጅን እያንዳንዱን ንክኪ፣ መዘግየቱን፣ ስሕተቱን፣ የተጫወተበትን ሰዓት የሚይዝ መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህ ይህ በኢትዮጵያም የሕግ ጉዳይ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ደንቡ አጭር ነው፤ መምህሯ አይታው አንድ ነገር የምታደርግበት ካልሆነ አይመዝገብ። «ለወደፊቱ ይጠቅም ይሆናል» ተብሎ የሚሰበሰብ የልጆች መረጃ ለማን እንደሚጠቅም ይጠይቁ። መዝገብ ቤቱን ማቋቋምና መጠበቅም ወጪ አለው፤ ሪፖርቱን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይመድቡ ኤክስ-ኤፒአይን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

«ታዲያ የቱን እንያዝ?» ካሉኝ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ጨዋታው ትንሽና ለአንድ ልጅ የሚሆን ከሆነ ስኮርም 1.2 ያድርጉት፣ አይፈሩ። በሰርቨር የሚኖር ወይም ብዙ ልጆች የሚጋጠሙበት ከሆነ ኤልቲአይ 1.3ን ይጠይቁ። ኤክስ-ኤፒአይን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይደርቡት፣ ጥያቄዎ ጥርት ብሎ ሲታወቅዎ ብቻ። መምህር ከሆኑና ጨዋታ ሠሪ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎት ደግሞ በ2013 ኖርዌይ ውስጥ የተጀመረውን ኤች-5-ፒ ይሞክሩ። የማስታወሻ ካርድ፣ ጎትቶ ማስቀመጥና የመሳሰሉትን መልመጃዎች ፕሮግራም ሳይጽፉ ይሠሩበታል፤ ሙድል ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ውጤቱንም ራሱ ይመዘግባል። ገበጣ አይወጣውም፤ ለፊደልና ለቃላት ግን ግሩም ነው።

ስታንዳርድ የማያድነው ነገርም አለ። አዶቢ ብዙ ጨዋታ ይሠራበት የነበረውን ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ሲዘጋው ብዙ ትምህርታዊ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ሞቱ። ከነዚህ ውስጥ በስኮርም በሥርዓት የታሸጉ ብዙ ነበሩ። ማውጫው ደህና፣ መገናኛው ደህና፣ መድረኩም ጥቅሉን ተቀበለ፤ ውስጡን ሲከፍቱት ግን የሚያጫውተው የለም። ስታንዳርዱ የሚጠብቀው ንግግሩን ነው፤ ጨዋታው ራሱ የተሠራበት ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሻጩን ስለ ስኮርም ከጠየቁት በኋላ ጨዋታው በምን እንደተሠራና የምንጭ ኮዱ በማን እጅ እንደሚቀር ይጠይቁት። «ኦሪገን ትሬይል» የተባለው የአሜሪካ የታሪክ ጨዋታ በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሦስት ተለማማጅ መምህራን ሲሠራ የታሰበው ለአንድ ክፍል ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ዶን ራዊትሽ ኮዱን በወረቀት አትሞ ስላስቀመጠው በ1974 ሚኔሶታ ውስጥ ትምህርት ቤቶችን በኮምፒውተር ለማገናኘት በተቋቋመው ድርጅት ሲቀጠር መልሶ በእጁ ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ ነው በመላ አሜሪካ ልጆች የተጫወቱት። የምንጭ ኮድ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ አይችልም፤ ውሉ ላይ ይግባ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ ሻጭ ቢመጣብዎ ማብራሪያውን ከመስማትዎ በፊት አንድ ሰዓት ይጠይቁት። መድረኩ ላይ ሁለት የሙከራ ተማሪ ይክፈቱና ጨዋታውን እርስዎው በሚጠቀሙበት መድረክ ላይ ይጫንልዎ፤ ላፕቶፑ ላይ ይዞት የመጣውን አይቀበሉት። በአንደኛው ስም ገብተው ይሸነፉ፣ እንደገና ይሸነፉ፣ ከዚያ ያሸንፉ። በሁለተኛው ስም በርካሽ አንድሮይድ ስልክ ይግቡና በዙሩ መካከል ዋይፋዩን ያጥፉት፤ ብራውዘሩን ይዝጉት፤ መልሰው ይክፈቱት። ስምዎን በአማርኛ ጽፈው ይግቡ፤ ረዘም ያለ የአባት ስም ይሁን። ከዚያ በመምህርነት ገብተው መዝገቡን ይክፈቱ። ሁለቱ ሽንፈቶች ይታያሉ? የተቋረጠው ዙር ካቆመበት ቀጠለ? ስሙ ሳይቆረጥ ወጣ? ሰዓቱ ልክ ነው? መጨረሻ ላይ የሁለቱን ልጆች መዝገብ በሙሉ አውርዶ በፋይል እንዲሰጥዎ ሻጩን ይጠይቁት። ውሉ ባለቀ ማግሥት የልጆቹን ሥራ ይዘው መውጣትዎን የሚያውቁት በዚያች ፋይል ነው፤ «እሱን ኋላ እናየዋለን» ካለዎት ዋጋው ላይ ገና አይነጋገሩ።

አክባሪዎ